የእትዬ ጽጌ ክርን

እትዬ ጽጌ ማረፏን የነገረችኝ ልጇ ሰብለ ናት። ስልኩ ሲጮህ ቢሮ ነበርኩ። ክርኔን ጠረጴዛ ላይ ተክዬ፣ ጉንጬን በመዳፌ ደግፌ፣ ከምሳ በኋላ ከሚመጣው እንቅልፍ ጋር እታገል ነበር። ሰብለ "እማዬ አረፈች" አለችኝ። ከማልቀሴ በፊት ያደረግሁትን ብነግራችሁ ትታዘቡኛላችሁ። ክርኔን ከጠረጴዛው ላይ አነሳሁ። አንድ ሰው በመስኮት ያየኝ ይመስል፣ ደንገጥ ብዬ። እንባዬ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ነገሩ እንዲገባችሁ ካዛንቺስ ልመልሳችሁ፤ ፎቆቹ ሳይመጡ፣ ግቢዎቹ ሳይፈርሱ ወደነበረው ካዛንቺስ። ሥራ በያዝኩ በዓመቱ አንዲት ክፍል ተከራይቼ የገባሁበት ግቢ ውስጥ፣ መንገድ ዳር ያለው ቤት የእትዬ ጽጌ ነበር። ቤቱ ወደ መንገዱ የሚከፈት አንድ መስኮት አለው። መስኮቱ ደግሞ እትዬ ጽጌ አለችው። ቀኝ ክርኗን ሲሚንቶው ጠርዝ ላይ ትተክላለች፣ ጉንጯን በመዳፏ ላይ ታሳርፋለች፣ ከዚያ በኋላ ከኦሎምፒያ የሚመጣም ሆነ ወደ ለገሃር የሚሄድ ሰው ሳይመዘገብ አያልፍም። ለመመዝገብ ወረቀት አያስፈልጋትም ነበር።

እኔን የመዘገበችኝ ፍራሼን ተሸክሜ ስገባ ነው።

"ባለ ስንት ነው ፍራሹ?" አለችኝ ከመስኮቱ።

"ለአንድ ሰው ነው" አልኳት እያለከለክሁ።

"እናያለን!" አለች።

ነገሩ ስድብ አልነበረም፤ ቆይቶ ነው የገባኝ። እትዬ ጽጌ ወሬ ትወዳለች እንጂ ሰው አትጠላም። ስታመም በመስኮቷ ሳላልፍ መዋሌን ቆጥራ መጀመሪያ በሬን የምታንኳኳው እሷ ነበረች። "እርስዎ" ብዬ የጠራኋት ቀን "ስንት ዓመቴ መሰለሽ?" ብላ ስለተቆጣች፣ በእድሜ እናቴን የምታክለውን ሴትዮ "አንቺ" ብዬ ነው የኖርኩት።

ሥራዋ ሹሩባ መሥራት ነበር። ከቡልጋሪያ ሰፈርም፣ ከለገሃርም፣ ከየት ከየት ሴቶች ይመጣሉ። እሷ ወንበር ላይ ትቀመጣለች፣ ተሠሪዋ በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ ጭንቅላቷን በእትዬ ጽጌ ጉልበቶች መካከል ታስረክባለች። ከዚያ በኋላ መውጫ የለም። በሚዶ ትሰነጥቃለች፣ በሁለት እጇ ሦስቱን ዘለላ እያቀባበለች ትጎነጉናለች፣ በየመሐሉ ደግሞ ሳብ! የምታደርጋት ነገር አለች። የጠበቀ ሹሩባዋ እንዲህ ነው ብሎ ማስረዳት ያስቸግራል። ከእሷ እጅ የወጣች ሴት ቅንድቧ ወደ ላይ ስለሚሳብ ለሁለትና ሦስት ቀን የተገረመች ትመስላለች። አንዴ ቅዳሜ ተሠርቼ ሰኞ ቢሮ ስገባ አለቃዬ ከወንበሩ ተነስቶ "ምነው? ምን ሰማሽ?" ብሎኛል።

ብናማርር ግን መልሷ አንድ ነው። "ያላመመ ሹሩባ ማክሰኞ ይፈታል።" እውነቷን ነው፤ የእሷ አይፈታም። እኛም እያማረርን እንመለሳለን። የአንድ ልጇ የሰብለን ጸጉር ደግሞ ከእሷ ሌላ የነካው ሰው የለም። "የልጄን ሹሩባ እስከ ሰርጓ ድረስ እኔው ነኝ። ከዚያ ባሏ ይወቅ" ትል ነበር።

ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ያለው ጋሽ ከድር የመስኮቷ ተጠሪ ነበር ማለት ይቻላል። ሱቁና መስኮቷ ፊት ለፊት ስለሆኑ ቀኑን ሙሉ መንገድ አቋርጠው ይነቋቆራሉ።

"አንቺ ጽጌ፣ እጅሽን ከጉንጭሽ ላይ አንሺ! ሐዘን ትጠሪያለሽ" ይላታል። እጅን ጉንጭ ላይ ማድረግ የለቅሶ ቤት አቀማመጥ ነው፤ ሰው ሳይሞት ማንም አይወደውም።

"እኔ የምጠራው ወሬ ነው" ትለዋለች እሷ፣ እጇን ሳታነሳ።

አንድ ቅዳሜ ታዲያ ራሴን አላመመኝም።

ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። አንገቴ ሳይንጋደድ፣ ዐይኔ ሳያለቅስ ሹሩባው አለቀ። በስተእርጅና አምላክ ርኅራኄ ሰጣት ብዬ አመሰግን ነበር። ማክሰኞ ግን ከጆሮዬ በላይ ያሉት ሁለቱ ጉንጉኖች ተፈተው ትከሻዬ ላይ ወደቁ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሳምንታት ነገሩ የእኔ ብቻ እንዳልሆነ ሰማሁ። በግቢው፣ በቧንቧው ወረፋ፣ በጋሽ ከድር ሱቅ ሴቶቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "የጽጌ እጅ ላላ" ይባባላሉ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው፣ የሰፈሩን ወሬ ሁሉ በመስኮት የምትቀበለው ሴትዮ የራሷን ወሬ ሳትሰማ ቀረች።

መስማት ግን አላስፈለጋትም። ትንሿ ጣቷና የቀለበት ጣቷ ይደነዝዟት ጀመር። ሚዶው ከእጇ ያመልጣል። ቁልፍ ስታዞር ቁልፉ ይቆምና እሷ ትዞራለች። ሰፈሩ ወዲያው መረመራት። አንዷ ምች ነው አለች፣ ሌላዋ የብርድ ነው አለች፣ አንዲቷ ደግሞ የምታውቃትን ሴት ስም ጠርታ ዐይኗ ነው አለች። ጋሽ ከድር "የሃያ ዓመት ወሬ ክንድሽ ላይ ተከምሮ ነው፤ አራግፊው" አላት። በኋላ ሳስበው፣ ከሁሉም ለእውነቱ የቀረበው እሱ ነበር።

እኔ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ያገኘነው ሐኪም ገና ልጅ ነው፤ መነጽሩ ፊቱን አክሎታል። ወረቀት ሰጣትና በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መካከል አጥብቃ እንድትይዝ ነገራት። በግራ እጇ ይዛ ሲስበው ወረቀቱ ተቀደደ። በቀኝ እጇ ሲሆን ግን ምንም ሳይታገል ሹልክ ብሎ ወጣ። እትዬ ጽጌ ወረቀቱን አየችው፣ ጣቷን አየችው።

"እናቴ፣ ችግርዎ ነርቭ ነው። እንግዲህ ይሄ ነርቭ..." ብሎ ጀመረ።

አልጨረሰም። እትዬ ጽጌ ነጠላዋን አጣፋች፣ ተነሳች፣ ወጣች። ይቅርታ እየጠየቅሁ ተከተልኳት። ለገሃር ታክሲ ተሳፈርን። ታክሲው ሞልቶ ሲንቀሳቀስ ድንገት፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ "እኔ ነርቭ የለብኝም!" አለች።

ታክሲው ፀጥ አለ። አጠገቧ የተቀመጠው ሰውዬ ቦርሳውን ወደ ራሱ ሰበሰበ።

"ጤነኛ ነኝ እኮ!" አለችው።

"አይ፣ እኔ ምንም አላልኩም" አለ ሰውዬው፣ ወደ መስኮቱ እየተጠጋ።

ረዳቱ ሳንቲሙን እያንቀጫቀጨ ዞር አለ። "ማዘር፣ በቃ አትናደጂ። እኔ ራሱ በዚህ ሥራ ነርቬ አልቋል" አላት።

ያን ቀን በሳቅ ሆዴን ይዤ ነው የወረድኩት፤ እሷ ግን አልሳቀችም። በእኛ ሰፈር "ነርቭ አለበት" ከተባለ ሰውዬው ወይ ከራሱ ጋር ያወራል፣ ወይ ብርጭቆ ይወረውራል። ማታ ክፍሌ መጥታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና አስማለችኝ።

"ይቺን ቃል ሁለተኛ እንዳትደግሚያት። ሰብለ ለወግ ለማዕረግ የደረሰች ልጅ ናት። ነገ ሽማግሌ የሚልክ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ምንድን ነው? 'ቤተሰቡ ውስጥ ምን አለ?' ነው። 'እናትየዋ ነርቭ አለባት' ካሉት በቃ፣ አለቀ። እኔ ወሬ እንዴት እንደሚሄድ አላውቅም? ከእኔ በላይ ማን ያውቃል?"

እሱስ እውነቷን ነው። ስንቱን ወሬ በዚያ መስኮት ሲያልፍ አይታዋለች፤ ልጇን ጭኖ እንዲያልፍ አልፈለገችም። ማልኩላት።

ከዚያ በኋላ በግቢያችን ሕመሟ "ጡንቻ" ተባለ። ጡንቻ የተከበረ ነው፣ የሠራተኛ ሰው ሕመም ነው። ቡልጋሪያ አካባቢ ወዳለ ወጌሻ ትሄድ ጀመር። ወጌሻው ደግ ሰው ነው፣ ክንዷን በቅቤ ያሽላታል፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ ይጎትትላታል። ስትመለስ ሽታዋ ከማዶ ይታወቃል። ጋሽ ከድር "ጽጌ፣ እጅሽን ነው ያሸሽው ወይስ ዶሮ ልትሠሪ ነው?" ይላታል። እሷም ክርኗን ተክላ ትስቃለች። ሐኪሙ እንዳይጨርስ ያደረገችው ዓረፍተ ነገር ምን እንደነበር ማናችንም ስለማናውቅ፣ ጠዋት በቅቤ የታሸውን ክንድ ከሰዓት መስኮቱ ጠርዝ ላይ መልሳ ትተክለዋለች።

እጇ በወጌሻ አልጠና አለ። እንዲያውም በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መካከል ያለው ሥጋ እየጎደጎደ ሄደ፤ እጇን ስትዘረጋ እዚያ ቦታ ላይ ውሃ ሊቋጥር ይችላል። በመዳፏ ጀርባ አጥንቶቿ መሐል መሐል ቦይ ወጣ። ሁለቱ ትንንሽ ጣቶቿ ተቆልምመው መዘርጋት እምቢ አሉ። እጇን ነጠላ ውስጥ መደበቅ ጀመረች። ደንበኞቿ ሲመጡ "ዕረፍት ላይ ነኝ" ትላለች፤ እነሱም ሰምተው ስለነበር ደግመው አይጠይቋትም። እኔ ሳሎን መሄድ ጀመርኩ። የሳሎኗ ልጅ ለስለስ ያለ እጅ ነበራት፣ አሳማሚ አልነበረችም፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ጸጉሬ ሲፈታ እናደዳለሁ።

ወጌሻው ነው በመጨረሻ ያሰናበታት። "እኔ የወለቀ ነው የምመልሰው። ያንቺ እጅ አልወለቀም፤ ለምን እንደሚከሳ አላውቅም። ቅቤሽን አታባክኚ" አላት። ይሄንን ለማንም አልተናገረችም። የነገረችኝ ሽማግሌዎች መጥተው የሄዱ ዕለት ነው።

ሽማግሌዎቹ ሰብለን ለአንድ ወጣት አስተማሪ ነበር የጠየቁት። ምንም እንከን አላገኙም፤ ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ። ግቢው እልል አለ። በማግስቱ እትዬ ጽጌ ሰብለን በርጩማው ላይ አስቀመጠቻትና ለመልሱ ቀን የሚሆናትን ሹሩባ ልትሞክር ተነሳች። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ሚዶውን በግራዋ ያዘች፣ ሰነጠቀች። ሦስቱን ዘለላ ወሰደች። አንዱ ከቀኝ እጇ አመለጠ። እንደገና ያዘችው፣ እንደገና አመለጠ። ሰብለ ሳትዞር፣ በጣም በቀስታ "እማዬ፣ አታስቢ በቃ። ማለቴ... ሳሎን እሠራዋለሁ፤ ሁሉም እኮ ሳሎን ነው የሚሠሩት" አለቻት።

እትዬ ጽጌ ሚዶውን ሰብለ ጭን ላይ አስቀምጣ ወደ ጓዳ ገባች። ገብቼ ሳያት ቀኝ እጇን በግራ እጇ ይዛ ቆማለች፤ የሰው ዕቃ እንደያዘ ሰው።

"ነይ" አለችኝ። "ያንን መነጽራሙን ልጅ አሳዪኝ። ነርቭም ይበለኝ፣ እብድም ይበለኝ። ለዚያች ልጅ እጄን እፈልጋለሁ።"

ሐኪሙ አልረሳትም። "ባለፈው ሳልጨርስ ነው የወጡት" አላት ፈገግ ብሎ። እጇን ሲያገላብጥ ፈገግታው ጠፋ። እጅጌዋን ወደ ላይ ሰበሰበና ክርኗን አየው። ቆዳው ጠቁሮ፣ ወፍሮ፣ ተረከዝ መስሏል።

"ይሄ ከምን መጣ?" አላት።

"ከመስኮት" አለች።

ሐኪሙ እኔን አየኝ። አስረዳሁት፤ ስለ ሲሚንቶው ጠርዝ፣ ስለ ጉንጯና መዳፏ፣ ስለ ኦሎምፒያና ስለ ለገሃር መንገደኛ። በጣቱ ጫፍ የክርኗን ውስጠኛ ጎን መታ መታ አደረገው። እትዬ ጽጌ "ውይ!" ብላ ዘለለች።

"ምን ሆኑ?"

"ነዘረኝ! እስከ ትንሿ ጣቴ ድረስ!"

"እሱ ነው ነርቩ።"

"ይሄ?" ክርኗን በግራ እጇ ያዘችው። "ነርቭ ክርን ላይ ነው እንዴ ያለው? እኔ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ መስሎኝ!"

ሐኪሙ ቁጭ ብሎ በረጅሙ አስረዳት። ከአንገት ተነስቶ በክርን በኩል አልፎ እጅ ላይ የሚደርስ ነርቭ አለ፤ ክርን ላይ ከቆዳ ሥር ነው የሚያልፈው፤ ክርን ሲመታ የሚነዝረን እሱ ነው። እሷ ክንዷን አጥፋ ዓመት ከዓመት ስትደገፍበት ታንቆ ተጎዳ። "ጡንቻው በራሱ አልታመመም" አላት። "ጡንቻ ግን ብቻውን አይንቀሳቀስም፤ በነርቩ በኩል ትእዛዝ እስኪመጣለት ይጠብቃል። ነርቩ ሲጎዳ ትእዛዙ አይደርሰውም፣ ይደክማል። ብዙ ጊዜ ሲቆይ ደግሞ ይከሳል፤ ይሄው እንደሚያዩት።"

እትዬ ጽጌ የጎደጎደውን ቦታ አየችው። "ዓመት ሙሉ እኮ ይሄንን ነው ስናሽ የከረምነው" አለች። "ምስኪን። ምንም ሳያጠፋ።" ከዚያ ቀኝ እጇን በግራ እጇ ዳበሰችው።

ክርኗ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደርጎ ነርቩ ከታነቀበት እንደሚላቀቅ ነገራት። ከዚህ በላይ እንዳይብስ ማድረግ ይቻላል፤ የጠፋው ምን ያህል እንደሚመለስ ግን ቃል አልገባላትም። ነርቭ ቀስ ብሎ ነው የሚያገግመው፤ ጡንቻው ደግሞ ብዙ ጠብቋል።

"ለፋሲካ ይደርሳል?" አለችው።

"አይደርስም፣ እናቴ።"

"ባለፈው ባስጨርስህ ኖሮስ?"

ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ ቆማ አለቀሰች፤ ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና፣ ድምፅ ሳታሰማ። እኔም አብሬያት አለቀስኩ። ከዚያ አፍንጫዋን ጠረገችና "የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች አሉ" አለች። "በይ እንሂድ፤ ሥራ የሌለሽ ይመስል አትቁሚ።"

ያን ዕለት ከሰዓት መስኮቷን ከፈተች፣ ግን አልተደገፈችም። ቀጥ ብላ ቆማ፣ ሰፈሩ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ "ከድር! ነርቭ ነው አሉኝ!" ብላ ጮኸች።

ጋሽ ከድር ክርኑን ሱቁ ባንኮኒ ላይ እንደተከለ "የምን ነርቭ? ምን አናደደሽ?" አላት።

"ንዴት አይደለም! ክርን ላይ ነው ያለው፣ አንተ መሃይም! አሁን አንተ ተኝተህበታል! ክርን!"

ጋሽ ከድር ደንግጦ ክርኑን አነሳና "አቤት!" አለ።

እንዲህ ተጀመረ። የፈራችውን ወሬ ራሷ አሰማራችው፤ ሽማግሌዎቹ ጆሮ ሲደርስ "የክርን ሕመም" ሆኖ ነው የደረሰው። ከዚያ ወዲያ የሰፈሩ ክርን ጠባቂ ሆነች። ሐኪሙ መደገፍ ስለከለከላት መስኮቱ ላይ የማትቆምበት ጊዜ በዛ፤ መስኮቱ ባዶ ሲሆን ደግሞ መንገደኛው "ምነው፣ ጽጌ ሞተች እንዴ?" እያለ በሩን ያንኳኳ ነበር። እሷ ግን ወንበሯን በሩ ላይ አውጥታ፣ ቀዶ ሕክምና የተደረገላትን ክንዷን ጭኗ ላይ አስተኝታ ትቀመጣለች። የተደገፈ ሰው ካየች አትምርም። "ክርን!" ትላለች። የዕድሩ ዳኛ ስብሰባ ሲመራ ጠረጴዛ ላይ ቢደገፍ፣ "ክርን!" ታክሲ ውስጥ ክንዱን መስኮት ላይ አውጥቶ የሚነዳ ሾፌር ብታይ፣ "ክርን!" ሰዉ ይስቅባታል፣ ግን ያነሳል። ጋሽ ከድር ደግሞ በተጠራ ቁጥር "አቤት!" ይላል። ስሙ እስኪመስል ድረስ።

የመልሱ ቀን ደረሰ፣ እጇ ግን አልደረሰም። ጠዋት በማለዳ በሬ ተንኳኳ። "ነይ" አለችኝ፣ "ቀኝ እጄ ትሆኛለሽ።"

"እኔ? እትዬ ጽጌ፣ እኔ እኮ የራሴን እንኳን ማስያዝ አልችልም!"

"እሱን አውቃለሁ፣ ስንት ዓመት አይቼሻለሁ። ነይ ብያለሁ።"

ሰብለን በርጩማው ላይ አስቀመጥናት። እትዬ ጽጌ በግራ፣ እኔ በቀኝ ቆምን፤ የእሷ ግራ እጅና የእኔ ቀኝ እጅ አንድ ሹሩባ ላይ ተገናኙ። የዚያን ጠዋት የሰማሁትን ስድብ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። "ወደ ታች! ወደ ታች ነው ያልኩሽ፣ ታች የት እንደሆነ አታውቂም? ዘለላውን አቀብዪኝ። ደሞ ምን ታባብይዋለሽ፣ ጸጉር ነው እንጂ ሕፃን አይደለም። ሳቢ። ሳቢ! ምነው፣ ያንቺም ነርቭ ታንቋል?"

ሳብኩ። ከዚያም ይበልጥ ሳብኩ፤ ስንት ቅዳሜ በእኔ ጭንቅላት ላይ እንዳደረገችው።

"እማዬ!" አለች ሰብለ። "አመመኝ!"

እትዬ ጽጌ ቆመች። ሳትነግረኝ የሹሩባውን ጫፍ ለቀቀችውና "አመመሽ?" አለች።

"በጣም!"

እልልታዋ ጋሽ ከድር ሱቅ ድረስ ተሰማ። ግቢው ሁሉ ሠርገኛ የመጣ መስሎት እየሮጠ ወጣ። እሷ እያለቀሰች እልል ትላለች፣ ሰብለም እያለቀሰች ጭንቅላቷን ይዛ ትስቃለች። ሹሩባው ወደ አንድ ጎን የተንጋደደ ነበር፤ ፎቶዎቹ ላይ እስከ ዛሬ ይታያል። ሰብለ ቅንድቦቿ ወደ ላይ ተስበው፣ በራሷ መልስ ላይ እንደተገረመች ቀርታለች።

ሰፈሩ ፈርሶ ወደ ኮንዶሚኒየም ሲበተን እትዬ ጽጌ አራተኛ ፎቅ ደረሳት። በረንዳ አላት፣ ግን ብረቱ ለመደገፍ አይመችም፤ "እግዜር እንዳልፈተን ነው" ትላለች። የከፋት ሌላ ነገር ነው፦ ወሬ አራተኛ ፎቅ ድረስ አይወጣም። እጇ እያደር ትንሽ ተመለሰ። ቁልፍ ታዞራለች፣ የልብሷን ቁልፎች ትቆልፋለች፣ ስትጨብጠኝ እንደተጨበጥሁ ይታወቀኛል። ጎድጓዳው ግን አልሞላም። የሰብለን ልጆች ሹሩባ ትሠራ ነበር፤ ልጆቹም "የአያታችን አያምም" እያሉ ይወዱላታል። እሷ ስትሰማው ፊቷን ታዞራለች። እኔን ባየች ቁጥር ግን "አንቺ ቀኝ እጄ" ነበር የምትለኝ፤ ሰው ሁሉ ምን ማለቷ እንደሆነ ሳይገባው።

ለቅሶው ላይ የድሮው ካዛንቺስ ከየተበተነበት መጣ። ድንኳኑ ኮንዶሚኒየሙ ግቢ ውስጥ ተጥሏል። ስገባ ሰው ሁሉ የለቅሶ ቤት አቀማመጥ ተቀምጧል፤ ክርኑን ጉልበቱ ላይ ተክሎ፣ ጉንጩን በመዳፉ ይዞ። ጋሽ ከድር ፊት ለፊት ነበር። አርጅቷል፣ ጺሙ ነጭ ሆኗል፤ እሱም ጉንጩን ይዟል። አጠገቡ ተቀመጥኩና እኔም ያዝኩ። በእውነት ረስቼው ነው፤ ሐዘን ሲመጣ እጅ ራሱ መንገዱን ያውቃል።

ሰብለ ከቤት ወጣች። ፊቷ አብጧል፣ ድምፅዋ በለቅሶ ተዘግቷል። ድንኳኑ መግቢያ ላይ ቆማ አንድ በአንድ አየችን። ከዚያ በዚያው በተዘጋ ድምፅ፣ ልክ በእናቷ አጠራር፦

"ክርን!" አለች።

ድንኳኑ ውስጥ ያለው የካዛንቺስ ሰው በሙሉ እኩል አነሳ። የኮንዶሚኒየሙ ጎረቤቶች ግራ ገብቷቸው ያዩናል። አንዲት ሴት ሳቅ አመለጣትና አፏን በነጠላዋ ያዘች፣ ከዚያ ሁላችንም ሳቅን፣ ከዚያ ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረ። ጋሽ ከድር ብቻ አልሳቀም፣ አላለቀሰም። እጁን ከጉንጩ አውርዶ ጭኑ ላይ አስተኛው፣ መንገድ ማዶ እንደሚያይ ሰው ቀና አለና

"አቤት፣ ጽጌ" አለ።